አራተኛው መሳቢያ

ሐይፋ ዳገት ናት፤ ዳገት ደግሞ አይደብቅም፣ ያሳያል፤
ከሾፌር ወንበር ላይ ሰው የጣለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦
ከገንዳው አጠገብ ባለ ሦስት እግር ወንበር፣
ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ያኮረፈ መስተዋት፣ ግማሽ በር።
ፋሲካ ሲቃረብማ አይጣል ነው፤ የማይጣል የለም፤
ሰው ጓዳውን ሲጠርግ መንገዱ ሳሎን ይሆናል፣ ጣሪያ ብቻ የለውም።

ፌርማታ ስቆጥር ይህንንም በልቤ እቆጥራለሁ፤
ፈረቃዬ ሲያልቅ፣ ሌሊት፣ በእግሬ እመለሳለሁ።
ሰው ብቅ ካለ ስልክ የማወራ እመስላለሁ፤
ሰው ካለፈ
አነሣለሁ።

ከፍቺው በኋላ የደረሰኝ ቤት ሃያ አራት ካሬ ነው፤
ሃዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ የአንድ ሰፊ ቤት ሳሎን፣ በጂፕሰም የተከፈለው።
የጎረቤቴ ሳል እኔ ትራስ ላይ ያድራል፤
ምድጃው ፊት ቆሜ እጄን ብዘረጋ አልጋዬን ይነካል፤
በሩን ለመክፈት ጠረጴዛውን ማጠፍ አለብኝ፤
እንግዳ ቢመጣ አንዳችን እንቆማለን፤ ግን ማን ሊመጣብኝ?
ባሕሩ? አዎ፣ አለ፤ በሁለት የውኃ ማሞቂያ በርሜሎች መካከል፣
ሰማያዊ ነገር፣ ጣት የሚያክል፤
መርከብ ካለፈበት ያልቃል።

ልጄ ኦዴሊያ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ትመጣለች።
መጀመሪያ የመጣች ዕለት ግድግዳውን አይታ
«አባ፣ ሆስፒታል ይመስላል» አለች።
ሌላ አልጨመረችም። ጫማዋንም ሳታወልቅ ተቀመጠች።

እኔ የቤት ነገር የእናት ነው ሲባል ነው ያደግሁት፤
መጋረጃ ስንት ክንድ እንደሚፈጅ በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው የጠየቅሁት።

መሳቢያውን ያገኘሁት ከመድኃኒት ቤቱ ማዶ ነው፤
መሳቢያ ብቻ፤ ቁም ሣጥኑ የት እንደቀረ እሱ ይወቀው።
ነሐስ እጀታ አለው፤ ከውስጥ የአበባ ወረቀት ለብሷል፤
አንድ ጥጉ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል።
በሸራ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ ዘጠና ሰባት ደረጃ ወጣሁ፤
በጎኑ ሰቅዬ መደርደሪያ ላደርገው አሰብሁ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ግድግዳውን በመሰርሰሪያ ስበሳ፣
ከታች ራኢሳ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች፤
ቀጥሎ ነጠላ ጫማዋ በደረጃው ላይ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ መጣች፤
የእንቅልፍ ሰዓት ነው ልትል አፏን ከፈተች፣
መሳቢያውን አየች፣
አፏን ከደነች።

«ይሄ» አለች በተሰበረ ዕብራይስጥ። የኔም የተሰበረ ነው፤
ስባሪው ከስባሪው ገጠመ፣ ተግባባን።
«አራተኛው። የሴምዮን ሸሚዞች ነበሩበት።
ሲያብጥ በእግሩ እየረገጠ ይከፍተው ነበር፣ እየተሳደበ።
እሱ ከሞተ ወዲህ እምቢ አለኝ።
ባለፈው ሳምንት የመንደር ልጅ ጠርቼ አስነቅዬ አስጣልሁት፤
አጠገቤ ሆኖ አልከፈት ሲል ጊዜ ጠላሁት።»

አፈርሁ። ቡሎኑን መፍታት ጀመርሁ፤
«ውሰጅው እናቴ፣ የራስሽ ነው» አልሁ።
እጄን ያዘች። የሽንኩርት ሽታ ያለው፣ ትንሽ እጅ።
«ተወው» አለች። «ክፍተቱ ውስጥ ድመቷ መተኛት ጀምራለች፤
አሁን ብመልሰው የት ትሄዳለች?»
ከዚያ ዙሪያውን ቃኘች፤ የተጣለ መስተዋት፣ የተጣለ መብራት፣
ከሦስት ቤት የተሰበሰቡ ሦስት ዓይነት ወንበሮች፤
«ጠማማ ነው የሰቀልኸው፣ በግራ ዝቅ ብሏል» ብላ ወረደች።

አላቃናሁትም።

ያን ዕለት ማታ ኦዴሊያ መጣች፤ ስለ ግድግዳው ምንም አላለች፤
ጫማዋን ግን በሩ ሥር አወለቀች፤
ባለ ሦስት እግሩን ወንበር (አራተኛውን እግር እኔ ነኝ የሠራሁለት)
ሞክራ ሞክራ፣ እንደማይወድቅ አይታ፣ ተቀመጠችበት።

ቅዳሜ ማታ እናቷ ከታች ክላክስ ነፋች።
ልጄ ሮጠች።
ቤቱን ሳነሣሣ መሳቢያው ውስጥ፣ ከአበባው ወረቀት ላይ፣
ማበጠሪያዋን አገኘሁ፤ ሁለት ፀጉር ይዟል።

ረስታው ይሆናል።

አልደወልሁም።